ለግቢዬ ስንት ሜትር ኩብ ጠጠር ልዘዝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። ቤታችን ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል፤ ግቢው ግን እስካሁን ድረስ አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ጥቁሩ መሬት እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ዘንድሮ ከክረምቱ በፊት ጠጠር ላለብሰው ወስኜ ቦታውን በሜትር ለካሁ። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው የመኪና መግቢያ 3.5 በ9 ሜትር ነው። በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ የሚወስደው የእግር መንገድ 1.2 በ14 ሜትር፣ አቮካዶው ሥር ያለው ክብ ቦታ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር፣ ሮቶው አጠገብ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ጥግ በአንዱ ጎን 4 በሌላው ጎን 3 ሜትር ሆኖ ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙት በቀጥታ ማዕዘን ነው። የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት መስመር ደግሞ 40 ሳንቲ ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት አለው። ድምሩ 65 ካሬ ገደማ መጣልኝ፤ በ10 ሳንቲ ሳባዛው 6.5 ሜትር ኩብ ሆነ። የጠጠር ደላላው ግን «አንድ ሲኖ 02 ጠጠር ካላራገፍሽ አይበቃሽም» ይለኛል፤ ግንበኛችን ደግሞ «ሁለት አይሱዙ ይበቃል» ብሏል። አብረውኝ የሚኖሩት እናቴ የሚሄዱት በምርኩዝ መሆኑንም አስቡልኝ። የማንን ልስማ?

አንባቢያችሁ፣ ከሰሚት

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ስፋቱን የለኩበት መንገድ ትክክል ነው፤ እኔም ደግሜ ስደምረው ያገኘሁት 65.4 ካሬ ገደማ ነው። ሦስታችሁን ያለያያችሁ ማባዛቱ ሳይሆን ከማባዛቱ በፊት ያለው ነገር ነው፤ ይኸውም ለመላው ግቢ አንድ ዓይነት ጠጠርና አንድ ዓይነት ውፍረት ይዛችሁ መነሣታችሁ ነው። መኪና የሚቆምበት፣ እናትዎ የሚመላለሱበት፣ የዛፉ ሥርና የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ቦታ የሚፈልጉት የድንጋይ ቁጥርም (01፣ 02 እየተባለ የሚጠራው የድንጋዩ መጠን) ሆነ ጥልቀት የተለያየ ስለሆነ፣ ስሌቱ መሠራት ያለበት በየቦታው ተለይቶ ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ሰዎች ምክር እንይ። ሲኖትራክ ሲባል እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው 16 ሜትር ኩብ የሚጭነው ገልባጭ ነው። 16 ሜትር ኩብ 02 ጠጠር በእርስዎ 65 ካሬ ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ ወደ 25 ሳንቲ ይደርሳል፤ ይህን ያህል ልቅ ጠጠር የመኪና ጎማ ይውጣል፣ ምርኩዝ የያዘ ሰውማ አንድ እርምጃ አይራመድበትም። የግንበኛው «ሁለት አይሱዙ» ደግሞ ልኬት አይደለም። አንዱ አይሱዙ ከሌላው በካሶኒው (በጭነት ሳጥኑ) ርዝመት፣ በስፖንዳው (በጎን መከለያው) ቁመትና ከሁሉም በላይ በአጫጫኑ ይለያያልና፣ በቢያጆ (በመኪና ምልልስ) ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ስንት እንደገዛ ሳያውቅ ገንዘብ ይከፍላል። የእርስዎ 6.5 ሜትር ኩብ ከሁለቱም የተሻለ ነው፤ ቢሆንም ከላይ ለሚታየው ጠጠር የበዛ፣ ከሥሩ ለሚያስፈልገው ደግሞ ያነሰ ሆኖ አግኝቸዋለሁ።

እኔ የደረስኩበት ቁጥር የሚከተለው ነው። 02 ጠጠር 3 ሜትር ኩብ፣ 01 ጠጠር ከግማሽ ሜትር ኩብ ትንሽ የሚበልጥ፣ ለአቮካዶው ሥር ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አንድ ሦስተኛ ሜትር ኩብ ያህል፣ ከመኪና መግቢያውና ከእግር መንገዱ ሥር ደግሞ 7.6 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ፣ ማለትም ከሥር ተነጥፎ የሚጠቀጠቅ የሙሌት ድንጋይ። ከግቢው የሚወጣውን አፈር በተመለከተ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም ከሚገባው ድንጋይ ይልቅ እርሱ ይበዛል።

ይህን ሁሉ የወሰነው የመሬትዎ ዓይነት ነው። በጋ ሲሆን እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል ያሉት ጥቁር አፈር መረሬ ነው፤ በምሥራቅ አዲስ አበባ በሰፊው የሚገኝ፣ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሰብስቦ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር ነው። ጠጠር በዚህ አፈር ላይ በቀጥታ ሲነጠፍ ምን እንደሚሆን ለመረዳት አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ በ02 ጠጠር ይሙሉና ውሃ በሊትር እየለኩ ያፍስሱበት፤ ባልዲው አፉ ድረስ ጠጠር ሞልቶ እያለ 8 ሊትር አካባቢ ውሃ ሲገባበት ያያሉ። የሞላ የሚመስለው ጠጠር ውስጥ 40 በመቶ የሚሆነው ባዶ ቦታ ነው ማለት ነው። ክረምት ላይ ጎማ ድንጋዩን ወደ ታች ሲጫነው የራሰው መረሬ በዚያ ባዶ ቦታ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ከላይ ጭቃ፣ ከሥር የተቀበረ ጠጠር ይቀራል። ደላላው አንድ ሲኖ የሚለው ይህን ሁሉ አስቦ ከሆነ ምክሩ መሠረት የለውም አልልም፤ ብዙ ሰው መሬቱ በበላው ቁጥር ሌላ ቢያጆ እያስመጣ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ለመቀበር የሚገዛ ድንጋይ የክሬሸር ጠጠር መሆን የለበትም፤ ከሥር የሚገባው ርካሹ ገረጋንቲ ነው፣ ያውም በጨርቅ ከአፈሩ ተለይቶ።

ጨርቅ ያልኩት ጂኦቴክስታይል የሚባለውን፣ ውሃ የሚያሳልፍና አፈር የማያሳልፍ ንጣፍ ነው። ይህን ማግኘት ካልቻሉ ወይም ዋጋው ከከበደዎት፣ ተተርትረው የተዘረጉ የማዳበሪያ ከረጢቶች ጠርዛቸው ቢያንስ 30 ሳንቲ እየተደራረበ ቢነጠፉ የእግር መንገዱ ላይና ሮቶው ጥግ ላይ በቂ ሥራ ይሠራሉ፤ ከላይ ስለሚሸፈኑ ፀሐይ ቶሎ አይበላቸውም። የመኪናው መግቢያ ላይ ግን ትክክለኛውን ጂኦቴክስታይል ብመርጥልዎ ደስ ይለኛል። ተራውን የፕላስቲክ ላስቲክ ከመኪና መግቢያ ሥር እንዲያነጥፉ የሚመክርዎት ሰው ካለ አይስሙት፤ ውሃውን ከላይ አቁሮ ገረጋንቲውን ያላቁጠዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የመኪናው መግቢያ 3.5 በ9፣ ማለትም 31.5 ካሬ ነው። ቀላል መኪና ለሚመላለስበት ቦታ 15 ሳንቲ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ በላዩ ላይ 5 ሳንቲ 02 ጠጠር ይበቃል። ገረጋንቲው 31.5 በ0.15 ሲባዛ 4.73 ሜትር ኩብ፣ ጠጠሩ 31.5 በ0.05 ሲባዛ 1.58 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስሕተት በብዛት የሚገባው ሳንቲሜትሩን ወደ ሜትር ሲቀይሩ ነው፤ 5 ሳንቲ 0.05 እንጂ 0.5 አይደለም፣ አንዲቷ ዜሮ ከተረሳች አሥር እጥፍ ድንጋይ በርዎ ላይ ይራገፋል። የላይኛው ንጣፍ ለምን 5 ሳንቲ ብቻ ሆነ ቢሉ፣ የጠጠር ንጣፍ ቢያንስ የትልቁን ድንጋይ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ውፍረት ካለው ሥሩን ይሸፍናል፤ 02 በአብዛኛው እስከ ሁለት ሳንቲ የሚደርስ ድንጋይ ስለሆነ 5 ሳንቲ ልኩ ነው። ከዚያ በላይ ቢጨምሩበት ጎማው መሬት ከመያዝ ይልቅ እየተንሸራተተ ቦይ ያበጃል።

የእግር መንገዱ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው፤ እናትዎ አሉበትና። በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው አስቸጋሪው የድንጋዩ መኖር ሳይሆን መንከባለሉና ምርኩዙን መዋጡ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የላይኛው ንጣፍ ቀጭን፣ ድንጋዩም ደቃቅ መሆን አለበት፤ 8 ሳንቲ በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ በላዩ ላይ 3 ሳንቲ ብቻ 01 ጠጠር። 01ዱን ሲያስነጥፉ ጥቂት አካፋ 00፣ ማለትም የክሬሸሩን ደቃቅ፣ ከላዩ በትነው ውሃ ቢያርከፈክፉበትና እንደገና ቢያስጠቀጥቁት ደቃቁ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ያስራቸዋል፤ እግር ሲረግጠው የማይንከባለል መንገድ ይወጣዋል። በምንም ዓይነት የወንዝ ክብ ጠጠር እዚህ ቦታ ላይ እንዳያስገቡ፤ ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን ጠርዝ ስለሌለው አንዱ ከሌላው ጋር አይያያዝም። ስፋቱ 1.2 በ14፣ ማለትም 16.8 ካሬ ስለሆነ ገረጋንቲው 1.34፣ 01ዱ ደግሞ 0.5 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ሮቶው አጠገብ ያለው ጥግ ማንም ስለማይነዳበት ገረጋንቲ አያስፈልገውም። ሁለቱ ጎኖች በቀጥታ ማዕዘን ስለሚገናኙ 4 በ3 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 6 ካሬ፣ በ5 ሳንቲ 0.3 ሜትር ኩብ 02 ይፈልጋል።

አቮካዶው ሥር ያለውን ክብ ለማስላት መሐሉን ማግኘት ይቅደም፤ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ከሆነ ከመሐል እስከ ዳር 1.5 ሜትር ነው፣ 1.5 በ1.5 በ3.14 ሲባዛ 7.07 ካሬ ገደማ ይሆናል። ግንዱን ግን ጠጠር መንካት የለበትም፤ በግንዱ ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር 80 ሳንቲ የሚሆን ክብ ባዶ ቢተዉ ግማሽ ካሬ ይቀንሳልና 6.6 ካሬ ይቀራል። የአቮካዶ ምግብ ሰብሳቢ ሥሮች ከመሬቱ ወለል ብዙ አይርቁም፤ ስለዚህ ቦታውን አያስቆፍሩ፣ አያስጠቅጥቁም። እዚህ ላይ ከ02 ይልቅ በቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት ጉብታዎች የሚቆፈረውን ቀዩንና ቀዳዳማውን የእሳተ ገሞራ ጠጠር እመርጣለሁ፤ ቀላል ነው፣ አፈሩን አይጫነውም፣ እርጥበትም ይይዛል። ያንኑ ጠጠር ለቀለሙ ሲሉ መኪና መግቢያው ላይ ካነጠፉት ግን ጎማ ሲፈጨው ቀይ አቧራ ሆኖ ቤት ውስጥ ይገባልዎታል። በ5 ሳንቲ ሲሰላ 0.33 ሜትር ኩብ ነው።

የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት መስመር ትንሽ ቢመስልም ስሕተት ብዙ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። በመረሬ መሬት ላይ ከቤት መሠረት ጎን ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር መሙላት፣ ውሃው መውጫ ከሌለው፣ ለመሠረቱ ጎን ለጎን ኩሬ ማበጀት ነው፤ አፈሩ በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰበሰብ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጉድጓዱ ወለል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘቅዝቅ፤ ለ10 ሜትር 10 ሳንቲ ዝቅ ማለት ይበቃል። ወለሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍበት፤ ላስቲክ ትክክል የሚሆነው በዚህ ቦታ ብቻ ነው። ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ውሃውን ወደ ዲች የሚያወጣ ቱቦ ይግባ። ለስሌቱ የሚያስፈልገው አማካይ ጥልቀት ነው፤ በአንዱ ጫፍ 15፣ በሌላው 25 ሳንቲ ከሆነ አማካዩ 20 ሳንቲ ነው፣ 10 በ0.4 በ0.2 ሲባዛ 0.8 ሜትር ኩብ 02 ይወጣዋል። ወለሉ ዘቅዛቃ ለሆነ ቦታ ሁሉ፣ ለመኪና መግቢያውም ጭምር፣ ይኸው መንገድ ያገለግላል፤ ሲባጎ ወጥረው ከሲባጎው እስከ ወለሉ ያለውን ጥልቀት በየሁለት ሜትሩ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ከተቻለ ግን ዝቅታው አፈሩ ሲቆፈር ይውጣ እንጂ በጠጠር ውፍረት አይስተካከል።

አሁን እንደምር። 02 ለመኪና መግቢያው 1.58፣ ለጥጉ 0.3፣ ለውሃ መስመሩ 0.8 በድምሩ 2.68 ሜትር ኩብ ነው። ለፍሳሽና ለመሬቱ አለመስተካከል 10 በመቶ ሲጨመርበት 2.95 ይሆናል፤ 3 ብለው ይዘዙ። 01 ከነጭማሪው 0.55፣ ቀዩ 0.36 ሜትር ኩብ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ መኪና ማዘዝ አያስፈልግም። ለቤቶን የሚያገለግለውን የእንጨት ሳጥን የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ውስጡ 50 በ40 በ20 ሳንቲ የሆነው ሳጥን 0.04 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ 25 ሳጥን አንድ ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ 01 በ14 ሳጥን፣ ቀዩ በ9 ሳጥን ያልቃል፤ ሁለቱንም በከረጢት አስጭነው ማስመጣት ይችላሉ። ሳጥኑ የእርስዎ ካልሆነ ውስጡን ራስዎ ይለኩ፤ በቁመቱ 2 ሳንቲ የጎደለ ሳጥን በየአሥሩ አንድ ሳጥን ይበላብዎታል።

ገረጋንቲው 4.73 እና 1.34 ተደምሮ 6.07 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህ ግን ተጠቅጥቆ ካለቀ በኋላ ያለው መጠን ነው። መኪና ላይ ያለ ልቅ ገረጋንቲ በደንብ ውሃ ጠጥቶ ሲጠቀጠቅ እንደ ዓይነቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ተጨማሪ ይጠይቃል፤ 6.07 በ1.25 ሲባዛ 7.6 ሜትር ኩብ የመጣው ከዚህ ነው። የመኪና መግቢያውን 15 ሳንቲ በአንድ ጊዜ ሞልቶ ማስጠቅጠቅ ከላይ ጠንካራ፣ ከሥር ልቅ የሆነ ንጣፍ ስለሚሰጥ፣ 9 ሳንቲ ተኩል ያህል ልቅ እያስገቡ በሁለት ንጣፍ፣ በኪራይ ጠቅጣቂ ማሽን ያሠሩት። ከርቭስቶን የሚያስገቡ ከሆነ ከለኩት ስፋት ውጭ ይሁን፤ ያን ጊዜ ከቁጥሮቹ አንዱም አይነካም።

ብዙ ሰው ከስሌቱ የሚረሳው የሚወጣውን አፈር ነው። ጠጠሩ ከበሩ ወለልና ከቤቱ ደረጃ ጋር እኩል እንዲሆን ከተፈለገ የመኪና መግቢያው 20 ሳንቲ፣ የእግር መንገዱ 11 ሳንቲ መቆፈር አለበት፤ ከውሃ መስመሩና ከጥጉ ጋር ተደምሮ 9.25 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። ሸክላማ አፈር ሲቆፈር 30 በመቶ አካባቢ ስለሚነፋ መኪና ላይ ሲጫን 12 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ወደ ግቢው ከሚገባው ድንጋይ ሁሉ፣ ማለትም ከ11.5 ሜትር ኩብ ይበልጣል። ደላላው ሲኖትራክ ሊያመጣልዎት የሚገባው ለዚህ ነበር። አፈሩ የት እንደሚደፋ ከጫኙ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ጥግ ላይ የተከመረ መረሬ ክረምቱን ቆይቶ ተመልሶ ወደ አዲሱ ጠጠር ይፈስሳል።

ስሌቱ ይህን ያህል ከተጠነቀቁለት በኋላ የሚበላሸው ርክክብ ላይ ነው። ጭነቱ ከባድ መኪና በማይከለከልበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ከመሸ ስለሚመጣ ሹፌሩ ቶሎ ገልብጦ ለመሄድ ይቸኩላል። እርስዎ ግን ሲያዙ «አንድ ቢያጆ» ሳይሆን «3 ሜትር ኩብ፣ ከመገልበጡ በፊት በመኪናው ላይ ተለክቶ» ብለው ይነጋገሩ። መኪናው ሲደርስ የካሶኒውን የውስጥ ርዝመትና ስፋት በሜትር ይለኩ፤ ለምሳሌ 4.2 በ2 ሜትር ከሆነ ወለሉ 8.4 ካሬ ነው፣ 3 ሜትር ኩብ ማለት አማካይ ከፍታው 36 ሳንቲ የሆነ ጠጠር ነው። ስፖንዳውን ከውጭ ማየት አይበቃም፤ ጭነቱ ብዙውን ጊዜ ከጋቢናው ኋላ ተቆልሎ ወደ ኋለኛው በር ይሳሳል። አንድ ቀጭን ፌሮ ይዞ የሚወጣ ሰው ያዘጋጁ፤ በአራቱ ማዕዘንና በመሐሉ እስከ ካሶኒው ወለል እየወጋ ይለካ። 45፣ 40፣ 30፣ 25 እና 20 ሳንቲ ቢያገኝ አማካዩ 32 ነው፣ ጠጠሩም 2.69 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። የጎደለው 0.31 ሜትር ኩብ ሮቶው ጥግ ላይ ያሰቡትን ጠጠር በሙሉ የሚያህል ነው።

ከመገልበጡ በፊት መለካት ካልተቻለ ክምሩ ክብ ከሆነ በሲባጎ ዙሪያውን ይለኩ፤ ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ፣ በክምሩ ቁመት ተባዝቶ፣ ለ38 ሲካፈል የሚወጣው ሜትር ኩብ ነው። ዙሪያው 10 ሜትር፣ ቁመቱ 1.15 ሜትር የሆነ ክምር 3 ሜትር ኩብ ነው። መኪናው እየተጓዘ ገልብጦት የረዘመ ክምር ግን በዚህ መንገድ ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም። ክምሩ የሚራገፍበት ቦታ ላይ ሸራ ያስነጥፉ፤ በባዶ አፈር ላይ ከተገለበጠ የታችኛው ንብርብር ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ ይቀራል፣ ኮብልስቶን ላይ ከተገለበጠም ተረፉ የሠፈሩን ዲች ይደፍናል። በኩንታል ሊሸጥልዎ የሚፈልግ ካለ፣ የክሬሸር ጠጠር በሜትር ኩብ ወደ 15 ኩንታል እንደሚመዝን፣ ቀዩ ግን ከዚያ በጣም እንደሚቀልና ዝናብ የመታው ሁሉ ውሃውንም አብሮ እንደሚመዝን አይርሱ፤ በሜትር ኩብ ላይ ይጽኑ። እግረ መንገድዎን አንድ እፍኝ 02 በነጭ ጨርቅ ላይ ያሹት፤ ጨርቁን ብዙ ዱቄት ካለበሰው ያልተጣራ ጠጠር ነው፣ ዱቄቱም የሚሸጥልዎ በድንጋይ ዋጋ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቁፋሮውንና ገረጋንቲውን ከሰኔ በፊት ይጨርሱ። አፈሩ ተሰንጥቆ እንዳለ ጨርቅ እንዳያነጥፉበት፤ ቀደም ብሎ ውሃ አጠጥተው ስንጥቁ እስኪገጥም ይጠብቁ። የላይኛውን ጠጠር ግን ቢያዘገዩት አይጎዳም፤ እንዲያውም ገረጋንቲው አንድ ሁለት ዝናብ ቢመታው የሚሰምጥበት ቦታ ካለ ጠጠሩ ሳይሸፍነው ይታወቃል፣ ያኔ አንድ ሁለት ጋሪ ገረጋንቲ ጨምሮ ማስጠቅጠቅ ነው።

አንዳንድ አቅራቢ 3 ሜትር ኩብ ብቻ አላመጣም፣ ትንሹ 5 ነው ሊልዎ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ግቢ ለማስነጠፍ ያሰበ ጎረቤት ካለ ለሁለት ይካፈሉ፤ ከሌለ ትርፉን 2 ሜትር ኩብ በከረጢት አስሞልተው ሮቶው ጎን ያስቀምጡት። መኪናው በሚቆምበት ቦታ ከአንደኛው ክረምት በኋላ ጠጠሩ ወደ ገረጋንቲው ጥቂት ስለሚገባ በሚስማር ወግተው ሲለኩ ከ5 ሳንቲ ያነሰበትን ቦታ ለመሙላት ይጠቅምዎታል። ግንበኛው «ካለ ለምን አናወፍረውም» ብሎ እናትዎ የሚሄዱበት መንገድ ላይ እንዳይጨምረው ብቻ አስቀድመው ይንገሩት።